ለማንኛውም ቆዳ

ደብረ ታቦር፣ ሰኔ ፬ ቀን

ለቀለም አባቴ፣ ለየኔታ፤

የእግዚአብሔር ሰላም ከደጅዎ አይራቅ። እንዴት ከርመዋል? ጉልበትዎስ እንዴት አደረገዎት? የጉና ብርድ በሰኔ መግቢያ አጥንት ፈልጎ እንደሚገባ አውቃለሁና፣ የላክሁልዎ ጋቢ ሳስቶብዎ እንደሆነ በሰው ይላኩብኝ፤ በወፍራም እለውጥልዎታለሁ። ገብሱ ተዘራ? የምትጦርዎ ጽጌስ ከሳሏ ዳነች? እኔ በቸርነቱ ደህና ነኝ። ልጆቹም ደህና ናቸው። ትልቁ ዘንድሮ ስምንተኛ ክፍል ይፈተናል፤ ጽሕፈቱ ግን ዶሮ የጫረችው ይመስላል። የእርስዎ የቀለም የልጅ ልጅ ነው ብል ማን ያምነኛል?

ፊደሉን ያገዘፍሁት ንቄዎ አይደለም። ዓይንዎ ካምና ክረምት ጀምሮ እንደደከመ ስለማውቅ፣ ይህን ደብዳቤ ጽጌ ሳታነብልዎ ራስዎ እንዲያነቡት ፈልጌ ነው። ከቤቱ ጀርባ፣ ፀሐይ ባለበት፣ ብቻዎን ይቀመጡና ያንብቡት። እደውል ነበር፤ የአንቱን ስልክ ግን ሁልጊዜ የምታነሣው ጽጌ ናት።

የሥራዬን ነገር ጠይቀውኝ አያውቁም። ልጁ ከብራና ወጥቶ ቢሮ ገባ ብለው አዝነውብኝ እንደሆነ እንጃ። እስቲ ልንገርዎ። የተቀጠርሁበት ቢሮ ቅርስ ይጠብቃል፤ እኔ ደግሞ የጠበቀውን የምጽፍ ሪፖርት ጸሐፊ ነኝ። አንቱ ዘንድ ስማር አንዲት ቃል ከራሴ የጨመርሁ ቀን መቶ ሃምሳውን መዝሙር ቁሜ እንድደግም ያደርጉኝ ነበር። እዚህ የሚቀጣው ያልጨመረ ነው።

ዓምና አንድ ቅዳሜ ገበያው መሀል ድምፅ ማጉያ ሰቅለን ስለ ቅርስ ጥበቃ ግማሽ ሰዓት ለፈፍን። አንድ በግ ሻጭ፣ በጎቼን አስበረገጋችሁብኝ ብሎ ከመሳደቡ በቀር የሰማን ሰው አላየሁም። ሪፖርቱ ላይ ግን «ለአራት ሺህ ሁለት መቶ የኅብረተሰብ ክፍሎች ግንዛቤ ተፈጥሯል» ተባለ። ቁጥሩን ከየት አመጣነው ብዬ ኃላፊያችንን ጠየቅሁት። ገበያው ላይ የነበረው ሰው ስንት ይሆናል አለኝ። ምን አውቃለሁ አልሁት። እንግዲያው አራት ሺህ ሁለት መቶ አይደለም ልትለኝ አትችልም አለኝ። ጻፍሁ። በጎቹ ይቆጠሩ አይቆጠሩ እስካሁን አላውቅም።

ቃላቱን መልመድ ራሱን የቻለ ትምህርት ነው፤ ከአንቱ ቤት ትምህርት የሚቀለው እርጥባን ለምኖ ማደር ስለሌለበት ብቻ ነው። ሥራው ካላለቀ «በሂደት ላይ ነው» ይባላል። ጭራሽ ካልተጀመረ «አቅጣጫ ተቀምጧል» ይባላል፤ አንዴ የተቀመጠ አቅጣጫ ተነሥቶ ሲሄድ ግን አይቼ አላውቅም። ጥፋት የሚባል ነገር ቢሮ ውስጥ የለም። «ክፍተት» ነው የሚባለው። ጥፋት አጥፊ አለው፤ ክፍተት ግን ባለቤት ስለሌለው ማንንም አያስቀይምም ብዬ አምን ነበር። ተሳስቼአለሁ። እንዴት እንደተሳሳትሁ በኋላ እነግርዎታለሁ።

ከቢሮ መልስ ደግሞ ሌላ ሥራ አለኝ። ደሳለኝ የሚባል ሳሙና ሠሪ ከመናኸሪያው ጀርባ በርሜል ጥዶ ይሠራል። ዓምና ከሳሙናው ጎን የቆዳ ቅባት ጀመረና ስሙን «ሺህ ዓመት» አለው። ቆርቆሮው ላይ የሚለጠፈውን ጽሑፍ በእጅህ ጻፍልኝ፣ ማተሚያ ቤት ያባዛዋል አለኝ። በኮምፒውተር አይሻልህም ወይ ብለው፣ የኮምፒውተር ፊደል ሁሉም ይዋሽበታል፣ ሰው ማመን ትቷል፤ የብራና ፊደል ግን እስከ ዛሬ ውሸት ተጽፎበት አያውቅም አለኝ። ነገሩ ሲገባኝ መቆም ነበረብኝ። አልቆምሁም። እንዲያውም ከላይ የጌጥ ሐረግ ጣልሁበት፣ የወንጌል መክፈቻ እስኪመስል።

ከደሳለኝ ጋር ያደረግነውን ክርክር ቢሰሙ ይሥቁ ነበር። «ዘጠና ዘጠኝ በመቶ ውጤታማ» ብለህ ጻፍ አለኝ። አንዷስ የት ሄደች አልሁት። እሷን ለእግዜር ተውሁለት፣ መቶ ማለትማ ድፍረት ነው አለኝ። «በባለሙያ የተረጋገጠ» አለ። ባለሙያው ማን ነው ብለው፣ ይህን ቅባት ከእኔ በላይ የሚያውቅ ሰው ካለ አምጣ አለኝ። ሺህ ዓመት የምትለውስ ከተሠራ ስንት ጊዜው ነው አልሁት። ስድስት ወር ደፍኗል፣ እስካሁን ስሞታ አልመጣም አለኝ። በየመልሱ እየሣቅሁ ጻፍሁለት። እኔ ገልባጭ ነኝ፤ ውሸቱ የደሳለኝ፣ ፊደሉ ብቻ የእኔ ነው ብዬ ራሴን አሳመንሁ። አንቱስ ገልባጭ በገለበጠው አይጠየቅም፣ በጨመረው እንጂ ይሉን አልነበር?

ጥቅምት ላይ ነጋዴው እሸቴ ቢሮ ድረስ መጥቶ ወሬዎን አደረሰኝ። ገበያ ወርደው ቆርቆሮውን እንዳዩት፣ ወደ ብርሃን አውጥተው እንዳገላበጡት፣ «ይህ የልጄ እጅ ነው፤ ‹ዓ›ዋን እንዴት እንዳቆማት እዩልኝ» እያሉ ለሰው ሁሉ እንዳሳዩት ነገረኝ። አንዱን ገዝተው እንደሄዱም ነገረኝ። ከአፍዎ ምስጋና ወጥቶልኝ አያውቅምና ያን ቀን ደስ ብሎኝ ዋለ፤ ለባለቤቴም ነገርኋት። ቆርቆሮውን ለምን እንደፈለጉት ግን እሸቴን አልጠየቅሁትም። ለጫማ ይሆናል አልሁ። ጫማዎ የላስቲክ መሆኑን እያወቅሁ።

ከዚያ ሕማማት መጣ።

የሆነውን አንቱ ከእኔ በላይ ያውቁታል፤ ነገር ግን ለእኛ እንዴት ሆኖ እንደደረሰን ይስሙት። በዓመት አንዴ ብቻ የሚወጣው የደብሩ ግብረ ሕማማት ሰኞ ጧት ከሣጥኑ ሲወጣ፣ አሥራ አንድ ቅጠሉ ወዝቶ እርስ በርሱ ተጣብቋል፤ ቀለሙ ተንዶ ምንባቡ አይነበብም። ከሣጥኑ ሥር «ሺህ ዓመት» የተጻፈበት ቆርቆሮ ተገኘ። የዕቃ ቤቱ ቁልፍ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ያለው ዘውዱ እጅ ነው። አንዳንዱ ብራናውን አጥቦ ሊሸጠው ነው አለ፣ አንዳንዱ ለፈረንጅ ሊያሳምረው ነው አለ። የተከሰሰው ዘውዱ፣ አላውቅም ከማለት ሌላ አንድ ቃል አልወጣውም። ጉዳዩ እየተንከባለለ እኛ ቢሮ ደረሰና ከዳግማ ትንሣኤ በኋላ ኃላፊዬና እኔ ልናጣራ ወጣን።

መጽሐፉን በእጄ ያዝሁት፣ የኔታ። ቅባቱ የተቀባው ከስፌቱ ወደ ጠርዙ ነው፤ በአንድ አቅጣጫ ብቻ፣ እጅ ሳይመላለስ። ሥዕል ያለበት ጋ ሲደርስ እጁ ተነሥቶ ከሥዕሉ ማዶ እንደገና ጀምሯል። ሌባ እንዲህ አይጠርግም። ዘውዱ ደግሞ ቁልፍ እንጂ ብራና አያውቅም። ብራና እንዲህ የሚጠርግ ሰው በዕድሜዬ አንድ አውቃለሁ። ከእሱ የተማርነው አራት ነበርን፤ ሁለቱ ሞተዋል፣ አንዱ አዲስ አበባ ነው፣ አራተኛው ይህን የሚጽፍልዎ ነው። ኃላፊዬ ምን አዘገየህ ሲለኝ እያጣራሁ ነው አልሁት።

አንቱ ከደጀ ሰላሙ መደብ ላይ ከሽማግሎቹ ጋር መቋሚያዎን ተደግፈው ተቀምጠው ነበር። ገና ሳንጨርስ ጉልበቴን አመመኝ ብለው ተነሡ። በአጠገቤ ሲያልፉ ሰላም አላሉኝም። ዓይናቸው ደክሞ ነው ብዬ ለራሴ ነገርሁት። አሁን ግን አይመስለኝም።

በማግሥቱ ሪፖርቱን ጻፍሁ። ኃላፊዬ አንድ መስመር አነበበልኝ፤ «ጉዳቱ በቅርሱ አያያዝ ላይ ከታየ ክፍተት የመነጨ ነው።» ማንንም አይነካም፣ ለሁሉም ይበጃል አለኝ። እኔም ማንንም አይነካም ብዬ ጻፍሁት። ከሥሩም ፈረምሁ። ያየሁትን አልጻፍሁም። ስለ ቆርቆሮው አንድ ቃል አልተነፈስሁም፤ ቢጠየቅ ፊደሉ ወዴት እንደሚያመራ አውቀዋለሁና። ፈርቼ ነው፤ ሌላ ስም አልሰጠውም።

ወረቀቱ ደብሩ ውስጥ ሲነበብ ክፍተት የምትለው ቃል ባለቤት አገኘች። ሕዝቡ ሁሉ ወደ ዘውዱ ዞረ። ምን ያድርግ፣ ቁልፉ ያለው በአንድ ሰው ወገብ ላይ ነው።

ያለፈው ማክሰኞ ዘውዱ ደብረ ታቦር ድረስ በእግሩ መጣ። ያችን ወረቀት አጣጥፎ በደረት ኪሱ ይዟታል። ዘርግቶ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠና፣ «ጌታዬ፣ ክፍተት ያላችሁት እኔን ነው?» አለኝ። በዕድሜ አባቴ የሚሆን ሰው ጌታዬ ሲለኝ ምድር አልዋጠችኝም። ቃሉ ሰው ማለት እንዳልሆነ፣ አሠራሩን ማለት እንደሆነ አስረዳሁት። በትዕግሥት ሰማኝና፣ «እንግዲያ ሰው ካልሆነ ቁልፉን ከማን ወገብ ላይ ነው የሚፈቱት?» አለኝ። በሰኔ ሚካኤል ቅዳሴ ሲወጣ ሕዝብ ፊት ቁልፉን ሊረከቡት ወስነዋል። የሴት ልጁ የዝናሽ እጮኛ ወገኖችም የመጽሐፍ ሌባ ልጅ ወደ ቤታችን አናስገባም ብለው የላኩትን ሽማግሌ አስቀርተዋል። ይህን ሁሉ ሲነግረኝ ድምፁን ከፍ አላደረገም። «በአሥራ ዘጠኝ ዓመት አንዲት ጧፍ አልጎደለችብኝም» ብቻ አለ።

ዕቃ ቤቱን ለማን ከፈትህ ብዬ ጠየቅሁት። ለማንም አለኝ። ወረቀቷን መልሶ እያጣጠፈ፣ «ለማይጠረጠር ሰው መክፈትም መክፈት ይባላል እንዴ?» አለኝ። ስም አልጠራም። እኔም ጥራ አላልሁትም። የሚያከብረውን ሰው ከሚያዋርድ የገዛ ቤቱ ቢዋረድ የመረጠ ሰው ነው። ውሃ እንኳ ሳይጠጣልኝ ሄደ።

አሁን የእኔን ልናገር። የእኔን ክፍተት አልለውም፤ ጥፋት ነው።

ደሳለኝ የሰጠኝ ብጫቂ ወረቀት አሁንም አለችኝ። «ለጫማ፣ ለቀበቶ፣ ለኮርቻ» ትላለች፤ ከዚያ ወዲያ የላትም። እሷን ስጽፍ መስመሩ አልሞላ አለኝ፤ የሁለት ቃል ያህል ባዶ ቀረ። አንቱ ያሳደጉት ዓይን ጎዶሎ መስመር አይወድም፤ ጠርዙ ከጠርዝ ካልገጠመ ያሳክከኛል። ስለዚህ «ለማንኛውም ቆዳ» ብዬ ሞላሁት። ደሳለኝ አላዘዘኝም። አይቶ ወደደው እንጂ ሐሳቡ የእኔ ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ የፍየል ቆዳ ስፍቅ የኖርሁ ሰው ብራና ቆዳ መሆኑ ያን ጊዜ ትዝ አላለኝም። በቅባቱ ውስጥ የሳሙና ውሃ እንዳለበትም አልጠየቅሁ። የጥላሸት ቀለም ሳሙና ሲነካው ምን እንደሚሆን በዚህ አገር ከእኔ የተሻለ የሚያውቅ ስንት ሰው አለ?

ያን መጽሐፍ የቀባው ሰው ሊያጠፋው አልቀባውም። ቅጠሉ እየደረቀ ሲሰነጠቅ አይቶ አዝኗል። ዓይኑ ስለደከመ ቀለሙ ሲናድ አላየውም። ደሳለኝን አያውቀውም፤ የገበያ ወሬ የሚያምን ሰውም አይደለም፤ ዘጠና ዘጠኝ በመቶ ቢሉት «ለመሆኑ ማን ቆጠረው?» ብሎ የሚመልስ ነው። ያመነው ፊደሉን ነው። ይህ እጅ አይጨምርም ብሎ አመነ። ይህን ባሰብሁ ቁጥር ከሰው ፊት መቆም ያሳፍረኛል፣ የኔታ። ሰው ሲያታልሉ የኖሩ ሰዎች አውቃለሁ፤ እንዲህ ባለ እምነት የታመነ ግን አላጋጠመኝም።

ሐሙስ ዕለት ደሳለኝ ጋ ሄጄ ነገሩን በሙሉ ነገርሁት። ክፉ ሰው አይደለም፤ ደነገጠ። ያልተሸጡት ሦስት መቶ ቆርቆሮዎች ነበሩ፤ ቁጭ ብዬ ያችን መስመር አንድ በአንድ በምላጭ ፋቅኋት፣ አንቱ ስሕተት እንደሚያስፍቁን። በቦታዋ «ለመጽሐፍ አይሆንም» ብዬ ጻፍሁ። ደሳለኝ ለአፍታ አይቶት፣ ደግሞ መጽሐፍ የሚቀባ ማን አለ አለኝ። ምላጬን ጠርጌ ወጣሁ።

ዓርብ ዕለት ለሰበካ ጉባኤው አዲስ ደብዳቤ ጻፍሁ፤ በቢሮ ቋንቋ ሳይሆን እኛ በምንነጋገርበት አማርኛ። የቆርቆሮውን ጽሑፍ የጻፍሁት እኔ መሆኔን፣ «ለማንኛውም ቆዳ» የሚለውን ከራሴ መጨመሬን፣ ቅባቱ ቀለም እንደሚንድ፣ ቀድሞ የፈረምሁበት ሪፖርት ያየሁትን እንደሸሸገ፣ ዘውዱም እጁ እንደሌለበት ገልጫለሁ። ኃላፊዬ አነበበና ጉዳዩ እልባት አግኝቷል፣ አንተን ምን አገባህ አለኝ። ማኅተም አልመታልኝም። ሰኞ ቢሮው ደጃፍ ላይ ሲያገኘኝ ፊቱን አዞረ። ሊያባርሩኝ ይችላሉ፤ ቢያባርሩኝ ሳሙና ማፍላት እችላለሁ። ደብዳቤው ከቢሮው ሳይሆን ከእኔ ነው።

ለእኔ ሲሉ ዝም ብለው እንደሆነ፣ ፊደሌን ላለማጋለጥ ብለው እንደሆነ፣ ከእንግዲህ ዝምታዎ የሚሸፍነው ሰው የለም። እኔ ወጥቻለሁ።

ደብዳቤው ከዚህኛው ጋር አብሮ አለ፤ ሁለቱንም የሚያደርስልዎ እሸቴ ነው። ለጉባኤው ራሴ ልሰጠው እችል ነበር፤ ግን አንድ ቦታ ላይ አልተጠናቀቀም። አንቱ ዘንድ መጽሐፍ ስንገለብጥ የባለቤቱ ስም የሚገባበትን ቦታ ባዶ እንተው ነበር። እዚያ ላይ ብዕር ማሳረፍ ለእኛ ክልክል ነው፤ መጨረሻ ላይ በቀይ ቀለም የሚሞሉት አንቱ ብቻ ነበሩ። በዚህም «መጽሐፉን ከመሰንጠቅ ለማዳን ብሎ ቅባቱን የቀባው» ከሚለው ቀጥሎ እንደዚያው ትቼዋለሁ። ሰኔ ሚካኤል ቅዳሴ ሳይወጣ ለጉባኤው ይስጡልኝ። ባዶውን እንዳለ ቢሰጡትም አልቀየምዎትም፤ የእኔ ስም ብቻውን ዘውዱን ያድነው እንደሆነ ግን አላውቅም። የተውሁትን ስፋት ለክቼዋለሁ። ልክ እንደ ስምዎ አምስት ፊደል ይይዛል።

ለበዓሉ እወጣለሁ። ከደጀ ሰላሙ በር እቆማለሁና ሲያልፉ ሰላም ባይሉኝም አይከፋኝም፤ መስቀል ያሳልሙኝም አልልዎትም፤ መቋሚያዎን ብቻ ልያዝልዎ። አምላከ ጉና ብርሃንዎን አይንሳዎ፤ ያስተማሩት ፊደል ሁሉ በሰማይ ይቆጠርልዎ፤ በእኔ እጅ የተበላሸው ግን ለእኔ ይቆጠር። በጸሎትዎ አይርሱኝ።

የቀለም ልጅዎ

ቀይ ቀለሙ ቤትዎ ውስጥ ደርቆ እንደሆነ ብዬ፣ ትንሽ በጥብጬ በብልቃጥ ልኬልዎታለሁ።